ግሩም

በዓለም ከተማ አጠገብ ከአምባው ጫፍ ቆመን ቁልቁል የጀማን ሸለቆ ስንመለከት ጉልበታችን ይብረከረካል፤ አንደበታችንም «ግሩም ነው!» ይላል። ይህ ቃል «ገረመ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ነው፤ ፍቺውም አስፈሪነትንና አስደናቂነትን በአንድነት የያዘ ነው። እንግሊዞች «ኦሰም» የሚሉትም ቃል መነሻው ፍርሃት ነበረ፤ ዛሬ ግን ተራ ማሞገሻ ሆኖአል። እኛም ወጡንም ልብሱንም «ግሩም» ስንል ፍርሃቱን ከቃሉ አራቅነው። ቃሉስ ይቅለል፤ በቅዳሴ ጊዜ በግሩሙ አምላክ ፊት ቆመን ስናንጎላጅ ግን የቀለለው ልባችን ነው። በገደሉ ፊት የተብረከረከ ጉልበት፣ ገደሉን በፈጠረው ፊት ሊንበረከክ አይገባውምን? ፈሪሃ እግዚአብሔርን በልባችን ያሳድርብን፤ አሜን።