ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ ብዙ ፍቺ
(በጉለሌ ለመምህራንና ለሽማግሎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሰውን ጤና የአገርንም መብት የሚነካ ነው። ይኸውም እንግሊዞች «ቴክ» ስለሚሉት ግሥ ነው። ተማሪዎቻችን ይህን ቃል «ወሰደ» ማለት ነው ብለው አጥንተውታል። ፍቺው እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ከብዙው አንዱ ብቻ ነው።

በዚሁ በጉለሌ በጎረቤቴ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ታመው በጠርሙስ መድኃኒት ተሰጣቸው። በጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሕፈት እንግሊዝኛ ስለ ሆነ አንድ ተማሪ ጠርተው አስነበቡት። እርሱም «በቀን 3 ጊዜ አንድ አንድ ማንኪያ ይውሰዱ ይላል» አላቸው። «ወዴት ልውሰደው ልጄ?» ቢሉት መልስ አጣ። መድኃኒቱም ሳይቀመስ 2 ቀን መደብ ላይ ተቀመጠ፤ ትኩሳቱም ባሰባቸው። እኔ ከሥራ ስመለስ ልጠይቃቸው ገብቼ ነገሩን ብሰማ «ይጠጡ ማለት ነው» አልኋቸው። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ ጥፋቱ ቃሉን በአንድ ፍቺ ዘግተን የሰጠነው የታላላቆቹ ነው።

እንግዲህ ይህ ግሥ እንደ ጎረቤቱ እንዴት እንደሚለወጥ ተመልከቱ። ከመድኃኒት ጋራ ሲሆን ጠጣ ወይም ዋጠ ነው፤ ከወንበር ጋራ ተቀመጠ፤ ከመሐላ ጋራ ማለ፤ ከፎቶግራፍ ጋራ አነሣ፤ ከጊዜ ጋራ ፈጀ፤ ከምክር ጋራ ተቀበለ፤ ጦር በከተማ ላይ ሲዘምት ደግሞ ያዘ ነው። «ኦፍ» የምትባል ትንሽ ቃል ብትከተለው ለልብስ አወለቀ፤ ለአይሮፕላን ተነሣ ይሆናል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በግዕዝ «ነሥአ» ማለት ወሰደ፤ ተቀበለ፤ አነሣ ነው፤ ስለ ሚስት ሲነገርም አገባ ይሆናል። የአማርኛው «ነሣ» ግን ከለከለ ወደ ማለት ሄዷል። ስለዚህ አባቶቻችን መጻሕፍትን ሲተረጉሙ በአንድ ፍቺ አይቆሙም፤ «አንድም» እያሉ ንባቡ የሚሸከመውን ሁሉ ያወጣሉ፤ ከዚያም ለስፍራው የሚስማማውን ይመርጣሉ። ለእንግሊዝኛም የሚያስፈልገው ይኸው ትምህርት ነው።

የአንድ ግሥ ነገር እስከምን እንደሚያደርስ አገራችን አይታለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው በውጫሌ ውል፤ በ17ኛው አንቀጽ፤ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከኤውሮፓ ነገሥታት ጋራ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ እንደሚቻላቸው ይናገር ነበር። የኢጣልያ መንግሥት ግን የራሱን ንባብ ይዞ ግዴታ ነው አለ። ከዚህ የተነሣው ጠብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ደም አፈሰሰ።

መምህራን ሆይ፤ ግሥን ብቻውን በሰሌዳ ላይ አትጻፉ። ከጎረቤቱ ጋራ በሦስት በአራት ዐረፍተ ነገር አስገብታችሁ ስጡ፤ ተማሪውም አማርኛውን ራሱ ይፈልግ። የተረጐመውንም ወደ ቤቱ ሄዶ ለእናቱ ያንብብላት፤ እርስዋ ካልገባት ገና አልተረጐመም።

ሽማግሎችም ልጅ ደብዳቤ ቢያነብላችሁና ነገሩ ባይገባችሁ፤ ተምሯልና ያውቃል ብላችሁ ዝም አትበሉ። እንደዚያች ባልቴት ጠይቁ፤ መልስ ቢያጣም ሌላ የሚያነብ ፈልጉ።