ከመፈረም በፊት መዝገብ ማየት

(በቴክሳስ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነጋግራችሁ ስለ አንድ ፊርማ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት እኅታችን ወደ ቤቴ መጣች። ባለቤቷ የዚሁ የቴክሳስ ተወላጅ ነበር፤ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከቦርሳዋ ሁለት ፖስታ አወጣችና፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ። የባሌ አያት እርሻ ከነበረበት አገር ነዳጅ ፈላጊዎች ጻፉልኝ። ነገ ልፈርም ነው» አለችኝ።

«ምን ላይ ነው የምትፈርሚው?» አልኳት።

«ኪራይ ነው። አንደኛው ትንሽ ገንዘብ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ብዙ ይሰጣል። ብዙ የሚሰጠውን መረጥኩ።»

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። በአንደኛው ወረቀት ራስጌ ላይ «የነዳጅ ዘይትና የጋዝ ሊዝ» ይላል። በሁለተኛው ላይ ግን «የማዕድን ዲድ» ነው የሚለው። ሊዝ ኪራይ ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ መብቱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ዲድ ግን ሀብትን ለሌላ አሳልፎ መስጫ ሰነድ ነው፤ አንዴ ከተፈረመ ሀብቱ ሄደ ማለት ነው። እኅታችን እንግሊዝኛ አሳምራ ታነባለች። ነገር ግን ያነበበችው የገንዘቡን ልክ እንጂ የወረቀቱን ስም አልነበረም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

በአገራችን ከምድር በታች ያለ ሀብት የግል ሆኖ አያውቅም ለማለት ይቻላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40፣ መሬትም ሆነ የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ስለዚህ «የከርሰ ምድር ወራሽ» ሲባል ለጆሯችን እንግዳ ነው። በአሜሪካ ግን መሬት የገዛ ሰው፣ አስቀድሞ ተለይቶ ካልተወሰደ በቀር፣ ከሥሩ ያለውን ነዳጅና ጋዝም አብሮ ይገዛል። ሁለቱን መለየትም ይቻላል። ገበሬው የላይኛውን እርሻ ሸጦ የታችኛውን ለራሱና ለልጆቹ ሊያስቀር ይችላል። ከዚያ በኋላ በላይ ሌላ ሰው ቤት ሠርቶ፣ ከብት አሰማርቶ ይኖራል፤ የሥሩ ግን የቀድሞው ገበሬ ወራሾች ሀብት ነው። በቴክሳስ፣ በቦሞንት ከተማ አጠገብ፣ ስፒንድልቶፕ በሚባለው ኮረብታ ላይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ነዳጅ ገንፍሎ ከወጣ ወዲህ፣ ከሥር ያለው ሀብት ዋጋ እንዳለው ሁሉም ዐወቀ። (ከዚህ በኋላ የአሜሪካ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ጥያቄው፣ «መብቱ በእርግጥ የኔ ነው ወይ?» የሚለው ነው። በድሮ ጊዜ በጎጃምና በጎንደር ርስት የሚጠይቅ ሰው አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ይቆጥር ነበር። ሽማግሌም ይመሰክርለት ነበር። ይህ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በገጠር መሬት አዋጅ ቀረ። በቴክሳስም የሚደረገው አንድ ዓይነት ቆጠራ ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ የሚቆጠረው በወረቀት መሆኑ ነው። በቴክሳስ 254 ካውንቲዎች አሉ። በእያንዳንዱ ካውንቲ ጸሐፊ መዝገብ ቤት፣ መሬት ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ የሚያሳዩ ሰነዶች ይገኛሉ። መዝገቡ በሰጪ ስምና በተቀባይ ስም ተለይቶ የተዘጋጀ ነው። ለማየት ለማንም ክፍት ነው።

እኅታችንን «ነገ አትፈርሚም፤ ነገ መዝገብ እናያለን» አልኳት። ቅር አላት፤ ግን እሺ አለች። ልጆቿም አብረው መጡ፤ ሁለቱም ለአካለ መጠን የደረሱ ናቸው። በመዝገቡ ያገኘነው እንዲህ ነበር።

አያትየው በ1938 ዓ.ም. 160 ኤከር መሬት ገዙ። በእኛ ልክ አንድ ጋሻ ተኩል ያህል ነው። በ1951 መሬቱን ሸጡ፤ ሆኖም በሽያጩ ሰነድ ውስጥ በአንዲት መስመር፣ ከሥር ካለው ማዕድን ግማሹን ለራሳቸው አስቀሩ። ያቺ አንዲት መስመር ናት የውርሱ ሁሉ መሠረት። እሷ ባትጻፍ ኖሮ ለወራሽ የሚቀር ነገር አልነበረም። የ160 ኤከር ግማሽ 80 ነው። አያትየው አራት ልጆች ነበሯቸው፤ ለእያንዳንዱ 20 ደረሰ። ከአራቱ የአንዱ ድርሻ ለሁለት ወንድማማቾች ሲካፈል ለእኅታችን ባል 10 ኤከር ደረሰው። ቤተሰቡ ግን ለዓመታት «የአያታችን 160 ኤከር» እያለ ሲያወራ ነበር።

ከዚያ በላይ ያስደነገጣት ግን ሌላ ነው። ባሏ የሞተው ሳይናዘዝ ነበር። በቴክሳስ ሕግ፣ ሰው ከወላጆቹ የወረሰው ሀብት የግሉ ነው እንጂ የባልና የሚስት የጋራ አይደለም። ሳይናዘዝ ከሞተም እንዲህ ያለው መሬት ወደ ልጆቹ ያልፋል። ሚስት በሕይወት እስካለች ድረስ በሲሶው የመጠቀም መብት ብቻ ይኖራታል። ለካ «የኔ ነው» ብላ ልትሸጠው የነበረው ባብዛኛው የልጆቿ ነው! ለብቻዋ ፈርማ ቢሆን ኖሮ የሌላትን ሸጣ፣ ኋላ ከገዢውም ከልጆቿም ጋር በተካሰሰች ነበር። ልጅየው ይህን ሲሰማ እናቱን አቅፎ፣ «እማዬ፣ እንኳን ጠየቅሽ» አላት። እሷ ግን አለቀሰች።

ልብ በሉ፤ የከርሰ ምድር መብት በሕግ እንደ መሬት ይቆጠራል። ስለዚህ ባለቤቱ የትም ኖሮ የትም ቢሞት፣ ውርሱ የሚዳኘው ሀብቱ ባለበት ስቴት ሕግ ነው። ኑዛዜ ካለ ሳይዘገይ ለፍርድ ቤት ይቅረብ፤ በቴክሳስ መደበኛው ጊዜ ሟቹ ባረፈ በ4 ዓመት ውስጥ ነው። ኑዛዜ ከሌለ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት የወራሽነት ቃለ መሐላ ነው። የቤተሰቡን ታሪክ የሚያውቁ፣ ከውርሱ ግን ጥቅም የሌላቸው ሁለት ምስክሮች ይምላሉ፤ ወረቀቱም በካውንቲው መዝገብ ይገባል። ይህ እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ያለ የመጨረሻ ማስረጃ አይደለም። ስለዚህ ክርክር ያለበት ቤተሰብ ጠበቃ ይያዝ።

በአገራችን «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይባላል። ይህን ተረት አምናችሁ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። ሕጉ በየስቴቱ ይለያያል። በኢንዲያናና በኦሃዮ፣ ለ20 ዓመት ያልተሠራበትና ባለቤቱ በመዝገብ ያላደሰው የማዕድን መብት ወደ ላይኛው መሬት ባለቤት ሊያልፍ ይችላል። በሉዊዚያና ደግሞ 10 ዓመት ካልተሠራበት ይጠፋል።

ቀጥሎ መታየት ያለበት፣ መብቱ አስቀድሞ ተከራይቶ እንደሆነ ነው። የነዳጅ ኪራይ ሁለት ዘመን አለው። የመጀመሪያው በቁጥር የተወሰነ ነው፤ ብዙ ጊዜ 3 ዓመት ነው። ሁለተኛው ግን ነዳጅ ወይም ጋዝ በሚያዋጣ መጠን እስከ ወጣ ድረስ ይቀጥላል። ስለዚህ ከ50 ዓመት በፊት የተፈረመ ኪራይ ዛሬም በሕይወት ሊኖር ይችላል። እኛም በ1974 የተፈረመ አሮጌ ኪራይ አገኘን። ጉድጓዱ ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ የቴክሳስ የባቡር ሐዲድ ኮሚሽንን መዝገብ አየን። ስሙ አያስታችሁ፤ በ1891 ለባቡር ጉዳይ የተቋቋመ ነው፤ ዛሬ ግን የባቡር ሥራ የለውም፤ የሚቆጣጠረው ነዳጅና ጋዝን ነው። የጉድጓዶች መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው። ጉድጓዱ በ1996 ተደፍኗል፤ ሌላም አልተቆፈረም። ስለዚህ መብቱ ነፃ ነበር።

አሁን ወደ ኪራዩ ውል እንምጣ። ሲፈረም አንድ ጊዜ በኤከር ተሰልቶ የሚከፈል ገንዘብ አለ፤ ቦነስ ይሉታል። ዓይን የሚስበው እሱ ነው። ዋናው ግን ነዳጅ ሲወጣ ከሽያጩ የሚከፈለው ድርሻ ነው፤ ሮያሊቲ ይባላል። ድሮ 1/8 ነበር፤ ዛሬ በቴክሳስ ብዙ ባለመብቶች 1/5 ወይም 1/4 ይደራደራሉ። በምሳሌ እናስላው። ጉድጓዱ 640 ኤከር ያጠቃልላል እንበል። የእኛ 10 ኤከር ነው። 10 ለ640 ሲካፈል 0.015625 ይሆናል። በ1/5 ሲባዛ 0.003125 ነው። ከ100,000 ዶላር ሽያጭ 312 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል ማለት ነው። በ1/8 ቢሆን ግን 195 ዶላር ያህል ብቻ ነው። ግብሩ ከዚህ ላይ ይቀነሳል። ሀብታም አያደርግም፤ ግን ለዓመታት የሚከፈል ሊሆን ይችላል። ይህን ስሌት የሚችል ሰው፣ ክፍያ ሲጀመር የሚላክለትን የድርሻ ቁጥር ራሱ ያመሳክራል።

ከመፈረማችሁ በፊት የሚከተሉትን ጠይቁ።

አንደኛ፣ ወረቀቱ ሊዝ ነው ወይስ ዲድ?

ሁለተኛ፣ ሮያሊቲው ላይ የማጓጓዣና የማጣሪያ ወጪ ይቀነሳል ወይ? እንዳይቀነስ ማስጻፍ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ «ባለቤትነቱን ዋስ ሆኜ አረጋግጣለሁ» የሚል አንቀጽ አለበት ወይ? ካለ እንዲሰረዝ ጠይቁ። የመብቱን ልክ እናንተም በትክክል ላታውቁት ትችላላችሁና።

አራተኛ፣ በአንድ ጥግ አንድ ጉድጓድ በመቆፈሩ መሬቱ ሁሉ ተይዞ ይቀራል ወይ? ያልተሠራበት ክፍል ጊዜው ሲያልቅ እንዲለቀቅ ይጻፍ።

አምስተኛ፣ ክፍያው ቼክ ነው ወይስ ድራፍት? ድራፍት የሚከፈለው ኩባንያው ባለቤትነቱን አይቶ ከተቀበለ በኋላ ነው። ላይቀበልም ይችላል። የተፈረመው ዋናው ወረቀት ገንዘቡ ሳይከፈል ከእጃችሁ አይውጣ።

ስድስተኛ፣ በሟቹ ስም ያልተወሰደ ገንዘብ ተቀምጦ ይሆን? ባለቤቱ ያልተገኘ ገንዘብ በቴክሳስ በኮምፕትሮለሩ መሥሪያ ቤት ይቆያል። ስሙን መፈለግም መጠየቅም ያለ ክፍያ ነው።

የእኅታችንን ነገር ልጨርስ። የወራሽነት ቃለ መሐላው ተመዘገበ። ጠበቃ ውሉን አየላት። ከዚያም እናትና ሁለት ልጆች ሦስቱም ሊዙን ፈረሙ፤ ዲዱን ሳይፈርሙ መለሱት። እስካሁን ጉድጓድ አልተቆፈረም፤ ጨርሶ ላይቆፈርም ይችላል። በ3 ዓመት ውስጥ ካልተቆፈረ ግን መብቱ ወደነሱ ይመለሳል፤ ስማቸውም በመዝገብ ላይ አለ።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ፊደል የቆጠርነው ስማችንን ለመጻፍ ብቻ አይደለም፤ ስማችንን የምንጽፍበትን ወረቀት ለማወቅም ነው። በቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ያላያችሁት አሮጌ ፖስታ ካለ፣ ዛሬ ማታ አውጡትና ራስጌውን አንብቡ። ያልገባችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናየዋለን።