ራሳቸውን የሚደረድሩ የስኳር ቀለበቶች

ስታርች በልዩ ኢንዛይም ሲቆራረጥ ስድስት፣ ሰባት ወይም ስምንት የግሉኮስ ሞለኪውሎች ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ። ስሙ ሳይክሎዴክስትሪን ነው፤ ፈረንሳዊው አንቷን ቪሊዬ በ1891 እ.ኤ.አ. ስለ እነዚህ ውሁዶች ጽፏል። የቀለበቱ ውጪ ውሃ ይወዳል፣ ውስጡ ግን ውሃን ይሸሻል። ስለዚህ ውሃ የማይስማማው ሞለኪውል መሃሉ ገብቶ ይሸሸጋል።

በ1992 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ አኪራ ሃራዳና ባልደረቦቻቸው አንድ አስደናቂ ነገር አሳዩ። ቀለበቶቹ ውሃ ውስጥ ረጅም የፖሊመር ሰንሰለት ሲያገኙ፣ ማንም ሳይሰካቸው እንደ ዶቃ ይደረደሩበታል! ተመራማሪዎቹ እንዳይወልቁ ጫፎቹን በግዙፍ ሞለኪውሎች ዘጉ። እጅም መሣሪያም ሳይነካው ቅርጽ ብቻውን ሥርዓት ማውጣቱ በእውነት ድንቅ ነው።

ሐኪሞችም ተጠቅመውበታል። ከዚሁ ቀለበት የተሠራው ሱጋማዴክስ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጡንቻ ያዝናናውን መድኃኒት ደም ውስጥ አቅፎ ይይዛል፤ የታካሚው ጡንቻም በደቂቃዎች ውስጥ ኃይሉን ያገኛል።