የቪዲዮ ድምፅ ሲያንስ በቅድሚያ ምን እናድርግ?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ትንሽ ስለሚመስል አንድ ጉዳይ ነው። ይኸውም በኮምፒውተር ቪዲዮ ስናይ ድምፁ አልሰማ ስለሚለን ነገር ነው። ጉዳዩ የጨዋታ አይደለም። ልጆቻችን በየአገሩ ተበትነዋል። ለቀብር መድረስ ያልቻለ ልጅ የቀብሩን ቪዲዮ ተልኮለት ያለቅሳል፤ እኛም እዚህ ሆነን የልጅ ልጆቻችንን ሠርግ በቪዲዮ እናያለን። ታዲያ በየቤቱ የምናየው ምንድን ነው? ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ሽማግሌው ግን ምንም ሳይሰማ «እሰይ፣ እሰይ» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ «ይኸ ኮምፒውተር አርጅቷል፣ ሌላ ይገዛ» ይባላል። ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ግን በተራ መመርመር ይገባናል።

በጽሕፈት ሥራ ዘመናችንን የፈጀን ሰዎች አንድ ነገር እናውቃለን። ደብዳቤ ጠፋ ሲባል መዝገቡን ይዞ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ መከታተል ነው። ድምፅም እንደዚሁ ነው። ከቪዲዮው ተነሥቶ ጆሯችን እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል፤ አንዱ ከያዘው ሌላው ቢለቀው ዋጋ የለውም።

አንደኛ፣ ሌላ ቪዲዮ ከፍተን እናወዳድር። ሌላው ደኅና ከተሰማ ጥፋቱ የዚያ የአንዱ ቪዲዮ ነው። ሁሉም ካነሰ ግን ወደ ኮምፒውተሩ እንሂድ።

ሁለተኛ፣ የድምፅ መቆጣጠሪያው አንድ ብቻ አይደለም። ማጫወቻው የራሱ አለው፣ ኮምፒውተሩ የራሱ አለው፣ የተሰካ ስፒከር ካለም የራሱ መቆጣጠሪያ አለው። ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር፣ ከታች በስተቀኝ ያለችውን የስፒከር ምልክት በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ተጭነን «ቮልዩም ሚክሰር» የሚለውን ስንከፍት እያንዳንዱ ፕሮግራም ለብቻው ይታያል። ዋናው 100 ላይ ሆኖ ማጫወቻው 20 ላይ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ዊንዶውስ በኮምፒውተሩ ስልክ የምንነጋገር ከመሰለው የሌላውን ድምፅ በራሱ ፈቃድ 80 በመቶ ይቀንሳል። በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ «ኮሙኒኬሽንስ» በሚለው ክፍል «ዱ ናቲንግ» የሚለውን መርጦ ማስተው ይቻላል።

አራተኛ፣ ሙዚቃው እየጮኸ የሰው ንግግር ብቻ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ይኸ ብዙውን ሰው ግራ የሚያጋባ ነው። ብዙ ፊልሞች ድምፃቸው ለስድስት ስፒከር ተከፋፍሎ የተዘጋጀ ነው፤ ንግግሩም በአብዛኛው ለመካከለኛው ይሰጣል። ቤታችን ያለው ሁለት ስፒከር ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ ስድስት አለ ብሎ ከያዘ፣ የንግግሩ ድርሻ ወደሌለ ስፒከር ሄዶ ይቀራል። መፍትሔው በስፒከሩ ማስተካከያ ላይ «ስቴሪዮ» የሚለውን መምረጥ ነው። ሳንቲም አያስወጣም።

አምስተኛ፣ ቪዲዮው ራሱ ሲቀዳ ድምፁ ዝቅ ብሎ ከሆነ፣ ቪኤልሲ የሚባለው በነፃ የሚገኝ ማጫወቻ ድምፁን እስከ 125 በመቶ ከፍ ያደርጋል። ነገር ግን ድምፅ ሲጎላ ንፋሱም ጫጫታውም አብሮ ይጎላል። ስለሆነም ዋናው መድኃኒት ያለው በሚቀዳበት ጊዜ ነው። በሠርግም ሆነ በለቅሶ ቤት ቪዲዮ የምታነሡ ልጆቻችን፣ ስልኩን ወደሚናገረው ሰው ጠጋ አድርጉት። ያልተቀዳ ቃል በኋላ ተፈልጎ አይገኝም።

በመጨረሻም ኮምፒውተሩን ያለ ጥፋቱ አንክሰሰው። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። ስለዚህ እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉት ፊደሎች እየጠፉ፣ ድምፁ እየተሰማን ቃሉ አይለይልንም። ለዚህ ድምፅ ማጮኽ ብቻውን አይበቃም። ኤርፎን መሞከር፣ ካልሆነም ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ማፈር አያስፈልግም።

ወጣቶች ሆይ፣ ቪዲዮ ከፍታችሁ ለአባትና ለእናት ስታሳዩ «ይታያል?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጡ ከላይ የዘረዘርነውን በተራ ሞክሩ። እድራችን የተቋቋመው ቀብር ለማስፈጸም ብቻ አይደለም፤ በሕይወት ያለነው እንድንደማመጥም ነው።