ንባብና ማስተዋል
ተረት ለሕፃናት ንባብ ስለሚሰጠው ርዳታ ለመምህራን ጉባዔ የተደረገ ንግግር



ሕፃናት የሚያነቡትን ነገር እንዲያስተውሉ ተረት ስለሚሰጠው ርዳታ እንድናገር ታዝዣለሁ። ስለ ተረት ጥቅም ለእናንተ መናገር ለቀባሪው ማርዳት እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ። ስለዚህ ከመጻሕፍት የቀሰምሁትን ለኋላ ትቼ፣ በገዛ ክፍሌ ውስጥ ከሠራሁት ስሕተት እጀምራለሁ።

በ1996 ዓ.ም. በአንዲት ትንሽ ከተማ ለሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አማርኛ አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ መካከል ንባብ እንደ ውሃ የሚወርድለት አንድ ልጅ ነበረ። ተቆጣጣሪ ወደ ክፍላችን በመጣ ቁጥር የማስነሣው እርሱን ነው፤ እርሱም አንድ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም። በኋለኛው ወንበር ላይ ደግሞ አንዲት ልጅ ትቀመጥ ነበር። እርስዋ ስታነብ ትቆማለች፤ ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ የጀመረችውን ትታ እንደ ገና ትጀምራለች። ጓደኞችዋ ይስቁባታል፤ እኔም ትዕግሥቴ ያልቃል። በመዝገቤ ላይ «ንባብዋ ደካማ ነው» ብዬ ጽፌ፣ በዓመቱ መጨረሻ ክፍሉን እንድትደግም ለርእሰ መምህሩ ላመለክት ቆርጬ ነበር።

አንድ ቀን መጽሐፍ ስላልተዳረሰ በሰሌዳው ላይ ከራሴ ፈጥሬ አንዲት አጭር ተረት ጻፍሁ። እንዲህ የምትል ናት፦ «ቀበሮ ጅብን፦ በዚህ ዋሻ ውስጥ ሥጋ አለ አለችው። በዋሻው ውስጥ ሦስት ቀን ጦሙን ያደረ አንበሳ ተኝቶ ነበር። ጅቡም ሮጦ ገባ። ቀበሮዋ በውጭ ቆማ፦ ዛሬ ጅብ ይበላል እያለች ሳቀች።»

ፈጣኑ ልጅ ተነሥቶ ባንድ ትንፋሽ ወረደበት። «ይበላል» የሚለውንም ቃል አላልቶ አነበበው። ልጅቱን ባስነሣኋት ጊዜ ግን «ሥጋ አለ አለችው» ከሚለው ላይ ደርሳ ቆመች፤ ፊተኛውን አጥብቃ፣ ኋለኛውን አላልታ አለፈች። «ይበላል» ላይም ስትደርስ በመጀመሪያ አላላችው። ከዚያ ዝም አለች። ዓይንዋን ወደ ላይኛው መስመር፣ አንበሳው ወዳለበት መለሰች። ወዲያውም ቃሉን አጥብቃ አነበበችና ሳቀች።

እናንተ ወዲያው እንደምታስተውሉት፣ በአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውን ፊደል ከሚላላው የምንለይበት ምልክት የለንም። «ይበላል» ላልቶ ሲነበብ ጅቡ በይ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ጅቡ ራሱ መበላቱ ነው። «ገና» በዓልም ነው፣ ያልደረሰ ጊዜም ነው። «ዋና» በወንዝም ነው፣ በሹመትም ነው። ስለዚህ አንባቢው ትርጉሙን ከቀደመው ነገር ካላገኘ በቀር ቃሉን በትክክል ሊጠራው አይችልም። ያቺ ልጅ የቆመችው ፊደሉ ጠፍቷት አልነበረም፤ ነገሩን እየመረመረች ነበር። እኔ ግን ማስተዋልዋን ድካም ብዬ በቀይ ቀለም ጽፌባታለሁ።

ነገሩ ስላስገረመኝ ለክፍሉ አንድ ጥያቄ አቀረብሁ፤ «ቀበሮዋ ዋሸች ወይስ እውነት ተናገረች?» አልሁ። ፈጣኑ ልጅ ተነሥቶ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር እንዳለ ደገመልኝ። ሌሎቹ በአንድ ድምፅ «ዋሸች!» አሉ። ልጅቱ ግን እጅዋን አውጥታ፣ «ጋሼ፣ አልዋሸችም፤ ጅቡ ሲገባ ሥጋ ሆነ» አለችኝ። ይህን መልስ እኔ ተረቱን የጻፍሁት ሰው አላሰብሁትም ነበር።

በልጁ ላይ አልፈርድበትም። ማንበብ ማለት መፍጠን ነው ብዬ ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

ይህ የእኔ ክፍል ብቻ ችግር ቢሆን ኖሮ የእናንተን ጊዜ ባልወሰድሁ ነበር። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች የተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ የሚያህሉት ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል፤ ስላነበቡት ሲጠየቁ አንዱንም ጥያቄ ያልመለሱት ደግሞ ከዚያ ይበዙ ነበር። በሁለቱ መካከል ያሉት ልጆች እነማን ናቸው? ቃሉን የሚያነቡ፣ ነገሩን ግን የማያገኙ ናቸው። እነዚህ በክፍላችን ውስጥ ስለማይታወቁ ከማያነቡት ይልቅ ያሳስቡኛል።

አንዳንድ ሰዎች ጥፋቱን በቀድሞው የቄስ ትምህርት ቤት ላይ ሲጥሉ እሰማለሁ። እውነት ነው፤ ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ፣ በግዕዝና በውርድ ንባብ አልፎ፣ ዳዊት እስኪደግም ድረስ የሚያነበው በማይናገረው ቋንቋ ነበር። ነገር ግን ያ ትምህርት በዚያ አያበቃም። ጸንቶ የተማረ ሰው ወደ መጽሐፍ ቤት ገብቶ መምህሩ «አንድም» እያለ የአንዱን ንባብ ምሥጢር በየመልኩ ሲፈታለት ይሰማል። እኛ የዘመናዊ ትምህርት ቤት መምህራን ከአባቶቻችን ጮኾ ማንበብን ወረስን፤ አንድምታውን ግን ለእነርሱው ተውንላቸው። ያቺ ልጅ «አልዋሸችም» ስትል፣ ስሙን ሳታውቀው «አንድም» ማለትዋ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ማድረግ ከቻለ እስከ ከፍተኛ ትምህርት ድረስ የምናስጠብቀው ለምንድር ነው?

ተረት ለዚህ ሥራ የተመቸበት ምክንያት፣ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ከመምጣቱ በፊት ሕጉን ስለሚያውቀው ነው። «ተረት ተረት» ሲባል ምን ብሎ እንደሚመልስ፣ ቀበሮ ብልኅ ጅብ ሆዳም እንደ ሆነ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር እንደሚመጣ ያውቃል። የሚመጣውን መጠበቅ ደግሞ የማስተዋል መጀመሪያ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቅዷል፤ ስለዚህ ይህ የምናገረው ነገር ለኦሮምኛም ለትግርኛም ለሶማልኛም መምህር እንደ አማርኛው ይሠራል። በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት ልጅ አማርኛ ሲማር ግን፣ ተረቱን አስቀድሞ በሚያውቀው ቋንቋ ሰምቶት ቢመጣ ጉዞው ይቀልለታል።

ከዚያች ቀን ወዲህ የምሠራው እንዲህ ነው። ተረቱን እኔው አስቀድሜ በቃሌ እተርታለሁ፤ ወይም ጮኼ አነባለሁ። አንድ መጽሐፍ ለስድሳ ልጅ በሚሆንበት ክፍል ሌላ መንገድ የለም፤ ደግነቱ ማስተዋልን ለማስተማር ጆሮ ይበቃል። ከዚያ ነገሩ በተወጠረበት ቦታ ላይ እቆማለሁ። ጅቡ በዋሻው ደጃፍ ቆሟል፤ ይገባል ወይስ አይገባም? እያንዳንዱ ልጅ ከአጠገቡ ካለው ጋር ይነጋገራል። በእርግጥ ክፍሉ ይንጫጫል፤ አንዳንድ ርእሰ መምህርም በመስኮት ብቅ ብሎ መምህሩ የት ሄደ ይላል። በመጨረሻ ልጆቹ ራሳቸው ያነብባሉ፤ ያንጊዜ የሚያነብቡት ግምታቸው እውነት መሆኑን ለማየት ነው። ጥያቄዬም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መልሱ በመስመሩ ላይ ያለ ነው፤ ይህን አላበዛውም። ሁለተኛው መልሱ በሁለት መስመሮች መካከል የተደበቀ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳትቸኩሉ እለምናችኋለሁ። ተረቱ ሲያልቅ «ከዚህ ምን ትማራላችሁ?» ለማለት አንጣደፍ። ልጆች ይህን ጥያቄ በጣም ለምደውታል፤ ሳያነብቡ «ተንኮል መጥፎ ነው» ብለው ይመልሱና እኛን ደስ ያሰኙናል። ምክር ከተረት መውጣቱን አልጠላም፤ የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» በቃሉ አጥንቶ ያደገ ትውልድ ይህን ሊጠላ አይችልም። ምክሩ ግን ነገሩ ከገባው ልጅ ሲመጣ ነው ደስ የሚለው።

እናንተም የትምህርት ተቆጣጣሪዎች ወደ ክፍላችን ስትመጡ ስንት ገጽ እንደ ተሸፈነ ብቻ አትጠይቁን። ከኋላ ወንበር አንዱን ልጅ አስነሡና ያነበበውን ተረት በራሱ ቃል እንዲነግራችሁ ጠይቁት። እኛ ለእናንተ የምናስነሣውን ልጅ አትቀበሉ።

ስለ ልጅቱ የጻፍሁትን በዚያው ሳምንት ሰርዤ ወደ ሦስተኛ ክፍል አሳለፍኋት። ለፈጣኑም ልጅ ተረቱን ማታ ለእናቱ እንዲነግራት አዘዝሁት። በማግስቱ ፊቱ ተለውጦ መጣ። እናቱ ማንበብ አትችልም፤ ነገር ግን ሰምታ ስታበቃ፣ «አንበሳው ጦሙን ማደሩን ቀበሮዋ በምን አወቀች?» ብላ ጠየቀችው፤ እርሱም መልስ አጣ። መልሱ በሰሌዳው ላይም አልነበረም። ጥያቄዋን በጠመኔ ጻፍሁት፤ ክፍሉ እስከ ደወል ድረስ ሲከራከርበት፣ ያ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ላይኛው መስመር እየተመለሰ ቀስ ብሎ ሲያነብ አየሁት።