የጦጣው ንጉሥና የወርቁ ቀለበት (በበዓሉ ቀን የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል በፊታችሁ ቆመን ስለ አንድ ጦጣ ለመናገር መነሣታችን ምናልባት ያስቃችሁ ይሆናል። ጦጣው ራሱ ሳቅ ወዳድ ስለ ሆነ አንቀየምም። ስሙ ሱን ዉኮንግ ነው፤ አገሩም ቻይና። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ እርሱ ተከራክረን መስማማት ስላቃተን፣ ጉዳዩን ወደ እናንተ ልናቀርበው ወደድን። ዘመኑን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በመጀመሪያ እውነተኛው ታሪክ ይቅደም። ሹዋንዛንግ የተባለ መነኵሴ የቡድሃን ሃይማኖት መጻሕፍት ፍለጋ ከቻይና ወደ ህንድ ተጕዞ፣ በ645 ዓ.ም. 657 መጻሕፍት ይዞ ተመለሰ። ሕዝቡም ጕዞውን በተረት እያሳመረ ብዙ መቶ ዓመት ሲያወራው ከኖረ በኋላ፣ በ1592 ዓ.ም. «ወደ ምዕራብ ጕዞ» የሚባል 100 ምዕራፍ ያለው መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ደራሲው ዉ ቼንግ ኤን ነው ይባላል። በመጽሐፉ ግን መነኵሴው ፈሪና የዋህ ሆኖ፣ ጀግንነቱን ሁሉ ደቀ መዝሙሩ ጦጣው ወስዶበታል።

ጦጣው ከድንጋይ ተወለደ። 72 ዐይነት መልክ መለዋወጥን ተማረ። 13,500 ጂን የሚመዝነውን የብረት በትሩን እንደ መርፌ አሳንሶ በጆሮው ውስጥ ይሸጕጠዋል። የሰማዩ ንጉሥ ሊያባብለው ብሎ የፈረሶች ጠባቂ አድርጎ ቢሾመው፣ ሹመቱ ከሁሉ ያነሰ መሆኑን በሰማ ጊዜ ተቈጥቶ «ከሰማይ ጋራ እኩል የሆነ ታላቅ ጠቢብ» ተብዬ ካልተጠራሁ አለ። በአገራችን «በመጀመሪያ የመቀመጫዬን» ያለችው ዝንጀሮ ዘመዱ ሳትሆን አትቀርም። ከዚያም የማይሞቱበትን ኮክ እየቀጠፈ በላ፤ 49 ቀን በእቶን ቢያቃጥሉት ዐይኑ ቀላ እንጂ አልሞተም። በመጨረሻ ከቡድሃ መዳፍ ዘልዬ እወጣለሁ ብሎ ተወራረደ። የዓለም ዳርቻ በመሰለው ስፍራ 5 ዐምዶች አግኝቶ ባንዱ ላይ ጻፈበት፤ ዐምዶቹ ግን የቡድሃ ጣቶች ነበሩ። ስለዚህ 500 ዓመት ከተራራ በታች ታሰረ።

ከእስራቱ ያወጣው መነኵሴው ነው። ነገር ግን በራሱ ላይ የወርቅ ቀለበት ተደረገበት፤ አልታዘዝም ባለ ጊዜ መነኵሴው ድግምቱን ሲያነበንብ ቀለበቱ እየጠበቀ ራሱን ያስጨንቀዋል።

ክርክራችን የተነሣው ከዚህ ላይ ነው። እኩሌቶቻችን ቀለበቱ ይገባዋል፣ ልጓም የሌለው ፈረስ ጌታውን ገደል ይከታል አልን። ሌሎቹ ግን 27ኛውን ምዕራፍ አነሡብን። በዚያ አንዲት የአጥንት ጋኔን መነኵሴውን ልትበላ በመጀመሪያ ቆንጆ ልጃገረድ፣ ቀጥላም አሮጊት፣ በሦስተኛውም ሽማግሌ መስላ መጣች። ጦጣው በእቶን የቀላው ዐይኑ እውነቱን ስላየ በበትሩ መታት። መነኵሴው ግን በዐይነ ሥጋው ያየውን አምኖ «ነፍሰ ገዳይ!» ብሎ ድግምቱን ደገመበት፤ በመጨረሻም አባረረው። ጦጣውም እያለቀሰ ለመምህሩ ሰግዶ ሄደ።

ይህ በተነገረ ጊዜ ክፍላችን ጸጥ አለ። መምህራን ይቅር ይበሉን፤ ከመካከላችን እውነቱን ተናግሮ አንድ ቀን ያልተቀጣ የለም።

ሲኒማ ሠሪዎች ይህን ጕዳይ እንዴት እንደ ተመለከቱት ማየት ደስ ያሰኛል። ዋን ላይሚንግ በ1961 እና በ1964 ዓ.ም. ስለ ሰማዩ ሁከት በሁለት ክፍል በሠራው የሥዕል ፊልም ጦጣው ድል አድርጎ ይፈጸማል፤ የቡድሃ መዳፍም፣ ተራራም፣ ቀለበትም የለም። ጃፓናዊው ቶሪያማ በ1984 ዓ.ም. የጀመረው፣ ታናናሽ ወንድሞቻችን የሚያብዱለት ጎኩም ስሙ የዉኮንግ ስም በጃፓንኛ ሲነበብ ነው። በትሩና የሚጋልበው ደመና አሉት፤ የሚያስጨንቀው ቀለበት ግን የለበትም። በ1986 ዓ.ም. የታየው የቻይና ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ግን መንገዱንም ቀለበቱንም ስላልጣለ እኛ እርሱን እናስበልጣለን። በ2024 ዓ.ም. ደግሞ በስሙ የወጣው የኮምፒዩተር ጨዋታ በዓለም ሁሉ ስሙን አዳረሰው። ከሁሉ ይልቅ የገረመን ግን፣ ቻይናዎች በ2015 ዓ.ም. በጠፈር ውስጥ ያለውን ለዐይን የማይታይ ቁስ ፍለጋ የላኩትን ሳተላይት «ዉኮንግ» ማለታቸው ነው። ያ የተቀጣበት ዐይን በመጨረሻ ተከበረ ማለት ነው።

ነጻነቱን ብቻ ቈርጠው የወሰዱት ቀላሉን ወሰዱ እንላለን። መጽሐፉ ሲፈጸም ጦጣው የቡድሃነት ማዕርግ ያገኛል፤ ወዲያውም ቀለበቱ ይውለቅልኝ፣ በሌላ ሰው ራስ ላይ እንዳይደረግ ልሰባብረው ብሎ መምህሩን ይለምናል። መምህሩም እስቲ ራስህን ዳስስ ይለዋል። እጁን ሰድዶ ቢዳስስ ቀለበቱ የለም። ሲወልቅም አልተሰማውም ነበር።