ቺዝ ዳቦ በሰናፍጭ

(በማኅበራችን የሩብ ዓመት ስብሰባ ላይ በወጥ ቤት ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ስለ ኮሚቴያችሁ የዘንድሮ ሥራ ትንሽ ተናገሩ» ስትለን መጀመሪያ ያሰብነው የበዓሉን ድግስ ነበር። ድግሱን ግን ሁላችሁም በልታችሁታል፤ ምስክር አያሻውም። ይልቅ በክረምቱ ብርድ ስለ ጀመርነው የቅዳሜ ጠዋት የወጥ ቤት ትምህርት፣ ከዚያም ውስጥ ስለ አንዲት ሳንድዊች እንናገራለን። አንዳንዶቻችሁ «ኮሚቴው ቺዝ ዳቦ ሲጠብስ ከረመ» ብላችሁ እንደ ሳቃችሁ ሰምተናል። ሳቁ አልከፋንም፤ ግን ነገሩ ከምን እንደ ተነሣ ብታውቁልን ደስ ይለናል።

አንዲት እህታችን አለች። ስሟን አንጠራም፤ እንድንናገር ግን ፈቅዳልናለች። ሁለት ልጆቿን ይዛ ከአዲስ አበባ ወደ ባለቤቷ ወደዚህ ወደ ሜሪላንድ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። ትልቁ ልጇ አንደኛ ክፍል ነው፤ ትንሿ ሦስት ዓመቷ ነው። እናት ማታ ማታ ቢሮ ታጸዳለች። አንድ ቀን ዕቁብ ልትጥል መጥታ፣ ገንዘቡን ከሰጠችን በኋላ ቶሎ አልሄደችም። ስልኳን አወጣችና የፍሪጇን ፎቶ አሳየችን። ስድስት እሽግ ቺዝ ተደርድሯል፤ አንዱም አልተከፈተም።

ቺዙ የመጣው ዊክ ከሚባለው የእናቶችና የሕፃናት የምግብ ድጋፍ ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት፣ አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅም ይሰጣል። ከወተቱ ድርሻ በከፊሉ ቺዝ መውሰድ ይቻላል። እህታችን ካርዱ ላይ ያለው እንዳይቃጠልባት በየወሩ አንድ ፓውንድ ትወስዳለች። ወስዳ ግን ምን ታድርገው? ቀምሳው «ሳሙና ሳሙና ይላል» አለችን።

ይህ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ትልቁ ልጅ ምሳ ዕቃውን ሳይነካ መመለስ ጀምሯል። ፍርፍር ሲቋጠርለት «ልጆቹ ይሸታል ይሉኛል» ይላል፤ ጃኬቱንም ወጥ ቤት አጠገብ አልሰቅልም ብሏል። ከትምህርት ቤት ሲመጣ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግሪልድ ቺዝ። እናት ዳቦ ገዝታ ከዚያ ከፍሪጁ ቺዝ ቆርጣ መሐል አድርጋ ሰጠችው። ልጁ «ይሄ አይደለም» ብሎ አለቀሰ። እሷም ለብቻዋ አለቀሰች። ለእኛ ያለችንን እንዳለ እናስቀምጠው፦ «እናቴ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምራ ወጥ አስተምራኛለች። ለልጄ ዳቦ መጥበስ አቃተኝ ብዬ ለማን ልንገር?»

አንዳችንም አልሳቅንም። ግማሾቻችን ያንኑ ቺዝ ወስደን ሻግቶ ጥለን እናውቃለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ እዚህ ያደጉ ልጆቻችን ራሳቸው ሲጠብሱ እያየን «የፈረንጅ ነገር» ብለን አልፈነዋል። ሃያ ዓመት እዚህ አገር ኖረን፣ ዳቦ በቺዝ እንዴት እንደሚጠበስ በቅጡ የሚያስረዳት ከመካከላችን አልተገኘም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት የስብሰባ አዳራሹን ወጥ ቤት ከፈትን።

የአሜሪካ ልጅ ይህን ምግብ የሚወደው ያለ ምክንያት አይደለም። ጄምስ ክራፍት የተባለ የቺዝ ነጋዴ ቺዝን አቅልጦ ሳይበላሽ እንዲቆይ የማድረጊያ ዘዴውን በ1916 በፓተንት አስመዘገበ። በ1928 ደግሞ ሚዙሪ ውስጥ ቺሊኮቲ በምትባል ከተማ ተቆርጦ የታሸገ ዳቦ በማሽን ተዘጋጅቶ ለገበያ ወጣ። ዳቦውም ቺዙም ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ሆነ። በ1946 የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ ከወጣ ወዲህም የተጠበሰ ቺዝ ዳቦ ከቲማቲም ሾርባ ጋር የምሳ አዳራሹ የታወቀ ምግብ ሆኖ ቆየ። የድኻ ምግብ ነው፤ እንደ እኛ ሽሮ። ሽሮ ንቀን አናውቅም፤ ይህንንም መናቅ አልነበረብንም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሥራችን አሳፋሪ ነበር። «የራሳችን አይብ እያለ» ብለን አይብ ዳቦ ውስጥ ጨምረን ጠበስን። አይቡ ውሃውን ለቀቀ፤ ዳቦው ራሰ፤ አይቡ ግን እንደ ፍርፋሪ ሆኖ ቀረ እንጂ አልቀለጠም። ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳነው። እኛ አይብ የምናወጣው ከጎመዘዘ አሬራ ላይ በሙቀት ነው። የወተትን ፕሮቲን እርስ በርሱ አያይዞ የሚይዘው ካልሲየም ነው፤ ጎምዛዛው ብዙውን ካልሲየም አሟሙቶ ያወጣዋል። እንዲህ ያለ አይብ ምንም ቢያሞቁት ይደርቃል እንጂ አይሳብም። ቼዳር፣ ሞንተሬይ ጃክና ሞዛሬላ ግን ወተቱ በሌላ መንገድ ስለሚረጋ ካልሲየማቸው በቂ ነው፤ ሲሞቁ ለስልሰው ይፈስሳሉ። አይባችን ለክትፎና ለጎመን የተፈጠረ ነው፤ እዚያው ይኑር።

ሁለተኛው ጥፋት እሳት ነው። እኛ ሽንኩርት ለማቁላላት የለመደ እጅ ይዘን ምድጃውን ለኮስነው። ዳቦው ጠቆረ፤ ቺዙ እንደ ቀዘቀዘ ነው፤ የጭስ ደወሉ ጮኸ፤ የሕንፃው ጠባቂም መጣ። ጠባቂው እየሳቀ አንድ ነገር ነገረን፤ «እናቴ እሳቱን ዝቅ አድርጋ መጥበሻውን ትከድነው ነበር።» ከዚያች ቀን ጀምሮ የምናስተምረው የእሱን እናት ዘዴ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቺዙን ሁለት አውንስ ያህል፣ ማለት ወደ 60 ግራም፣ በካሮት መፈቅፈቂያ ይፈቀፍቁታል። ተቆርጦ ከሚገባው ይልቅ የተፈቀፈቀው ቶሎና እኩል ይቀልጣል። ለጋ ቅቤ ቀደም ብሎ ከፍሪጅ ወጥቶ ይለስልስ፤ ጠንካራ ቅቤ ዳቦውን ይቀደዋል። ቅቤው የሚቀባው በዳቦው ውጭ በኩል እስከ ጠርዙ ድረስ ነው፤ መጥበሻው ላይ አይጨመርም። እሳቱ ከመካከለኛ ዝቅ ይበል። ዳቦው ሲገባ ይከደናል፤ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ቆይቶ ሥሩ የወርቅ መልክ ሲይዝ ይገለበጣል፤ ሁለተኛው ፊት ሳይከደን ይጠበስ፣ አለዚያ እንፋሎቱ የመጀመሪያውን ፊት ያልፈሰፍሰዋል። ከወጣ በኋላ አንድ ደቂቃ ይረፍ። እንደ ወጣ ከቆረጡት ቺዙ በሙሉ ሳህኑ ላይ ይፈስሳል።

እስከዚህ ድረስ ማንኛዋም አሜሪካዊት እናት ታስተምራችኋለች። እኛ የራሳችንን የጨመርንበት ከዚህ ወዲያ ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ እህታችን የጠበሰችውን ቀመሰችና «ይከብዳል፤ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል» አለች። እውነቷን ነው። ቅባት በቅባት ላይ ነው። ያን ጊዜ ከመካከላችን በዕድሜ የምትበልጠው እናት «ጮማ ያለ ሰናፍጭ ማን ይበላል?» ብላ ከቦርሳዋ ብልቃጥ አወጣች። ለራሷ ምሳ ይዛው የመጣችው ነው። እውነትም ጥሬ ሥጋ ሲቆረጥ አጠገቡ አዋዜና ሰናፍጭ የሚቀመጠው ለዚህ አይደለም? ቀጭን አድርገን ከዳቦው ውስጠኛ ገጽ ላይ ቀባን፤ ጠበስን፤ ቀመስን። ወጥ ቤቱ ጸጥ አለ። አዋዜም ሞክረን ነበር፤ ጣዕሙ ጥሩ ሆኖ ሳለ ፈሳሽነቱ ዳቦውን ያርሰዋል።

ሰናፍጩን ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ለምትፈልጉ፦ ጥቁሩን ወይም ቡናማውን ፍሬ ከሐበሻ ወይም ከሕንድ ሱቅ ግዙ፤ ቢጫው ለስላሳ ነው። ፍሬው ይፈጭና በቀዝቃዛ ውሃ ይለወስ። ሙቅ ውሃ አትንኩ። የሰናፍጭ ኃይል በፍሬው ውስጥ ዝግጁ ሆኖ አይገኝም፤ የተፈጨው ፍሬ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ነው የሚወለደው፤ ሙቅ ውሃ ደግሞ የሚያስወልደውን ነገር ይገድለዋል፤ መራራው ብቻ ይቀራል። አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ተሸፍኖ ይቀመጥ፤ አፍንጫችሁ ይነግራችኋል። ከዚያ በኋላ ሎሚ ሲጨመርበት ኃይሉ ባለበት ይጸናል፤ ሎሚውን አስቀድማችሁ ካስገባችሁ ግን ሳይነሣ ይቀራል። በመጨረሻ ጨው፣ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ዘይት። ለአንድ ሳንድዊች ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ሲጠበስም ትንሽ ይበርዳል።

ጎምዘዝ እንዲል ለምትፈልጉ ደግሞ ቀይ ሽንኩርት እንደ ወረቀት አሳስታችሁ ከትፋችሁ፣ ጨውና የአንድ ሎሚ ጭማቂ አድርጋችሁ ሃያ ደቂቃ አቆዩት። መልኩ ሮዝ ይሆናል። ከዚያ በእጃችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ጭመቁት፤ ይህን የዘለለች ራሷን ታመስግን። ጥቂቱ ከቺዙ መሐል ይግባ፤ ከቺዙ በላይም በታችም ካልሆነ ዳቦው አይርስም። ቃሪያ የፈቃድ ነው።

በንጥር ቅቤ ጉዳይ ኮሚቴው ተከፍሏል፤ አንደብቃችሁም። ንጥር ቅቤ ቶሎ የሚያርረው የወተት ዝቃጭ ወጥቶለታልና ለመጥበስ ከለጋው ይሻላል፤ የኮሰረቱ ሽታ ከቺዝ ጋር እጅግ ይጥማል። ግን የዚያ ልጅ ጃኬትስ? ግማሾቻችን «ልጁ የቤቱን ሽታ ይልመድ፤ ምን ያሳፍረዋል» አልን። ግማሾቻችን «ስድስት ዓመት ልጅ ላይ ይህን ሸክም አንጫን» አልን። የተስማማነው በትምህርት ቀን ለጋ ቅቤ፣ ቅዳሜና እሁድ ንጥር እንዲሆን ነው። ክርክሩ አልቋል አንልም።

ሌሎች ጥያቄዎችም መጥተውልናል። ሙስሊም እህቶቻችን የቺዝ ማርጊያው ከምን እንደሆነ ጠይቀውናል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ማርጊያው ከጥጃ ጨጓራ ወይም ከሌላ ምንጭ ሊሆን ስለሚችል፣ እሽጉ ላይ ሐላል የሚል ምልክት ወይም ከእንስሳ ያልሆነ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ፈልጉ። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙት ያው ዳቦ በዘይት ተጠብሶ፣ በቺዙ ፈንታ አቮካዶና ቲማቲም፣ ሰናፍጩ እንዳለ። በዐቢይ ጾም ሀምሳ አምስት ቀን ስልጆ ስንበላ ኖረን ሰናፍጭ ለጾም እንግዳ ነው የሚለን የለም። ለምሳ ዕቃ ደግሞ ትኩሱን አትጠቅልሉት፤ በሽቦ ላይ ቀዝቅዞ ይጠቅለል፤ ያም ሆኖ ቤት እንደሚበላው አይሆንም። እኛ ከትምህርት ቤት መልስ እንዲሆን ነው የምንመክረው።

ልጁ ምን አለ? ይህን ሁሉም ይጠይቀናል። ሰናፍጩን አልወደደውም። ምላሱን አውጥቶ ውሃ ጠጣ። የእሱ ያለ ሰናፍጭ ይጠበሳል፤ ጥርት አድርጎ ይበላል። የወደደችው የሦስት ዓመቷ ናት፤ «ሚያቃጥለው» ብላ ትጠይቃለች። እናትየዋ ማታ ከሥራ በፊት በሻይ የራሷን ትበላለች፤ በሰናፍጭና በንጥር ቅቤ። ፍሪጇ ውስጥ ያለፈው ወር ቺዝ አልቋል። ፍርፍሩ ምሳ ዕቃ ውስጥ ገና አልተመለሰም፤ ይመለሳል ብለንም ቃል አንገባም።

ደጋፊዎቻችን፤ የላካችሁልን ገንዘብ ሁለት ክዳን ያላቸው የኤሌክትሪክ መጥበሻዎችና አንድ መፈቅፈቂያ ገዝቷል፤ የአዳራሹን የወጥ ቤት ኪራይም ከፍሏል። ደረሰኙ ከሒሳብ ሹሟ ዘንድ አለ። መፈቅፈቂያው አንድ ብቻ በመሆኑ ሰልፍ አለ፤ ይህን የምንለው በዋዛ አይደለም።

የሚመጣው ቅዳሜ በአሜሪካ ሰዓት ከ10፣ በእኛ ከ4 ሰዓት ጀምሮ ወጥ ቤቱ ክፍት ነው። የምታስተምረው ያቺው እህታችን ናት። ፍሪጃችሁ ውስጥ ያልተከፈተ ቺዝ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ሰናፍጭ ያላችሁም ብልቃጡን ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ባለፈው ጊዜ የአንዳችንን ቦርሳ አበላሽቷልና።